ሚኮል ዋሴ ሆነ

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ኦግራ፣
ኡስት ቪም

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ የሚይዝሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮ ራራልሽ ወይስ እንደ ልማዱ አልጋ ላይ ጣለሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? አማትሽስ አሁንም ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ሁሉን ያዛሉ? የኡስት ቪም ወንዝ ዘንድሮ አሳ ሰጣችሁ ወይ? ከእናንተ ወገን የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ግን የሚመጣው ሁሉ መሣሪያ የያዘ ስለሆነ ስለ ላምና ስለ ልጅ ለመጠየቅ አይመችም።

እኔ ወንድምሽ ኦፖን፣ እናታችንና ባለቤቴ ቱሪ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በሕይወት አለን፤ ለዛሬ እሱን ያዢልኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ ግን ሚኮል መኖሩን ነው። ባልሽ አልሞተም። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አንገቱን አቅፌ ስሜዋለሁ። ከጦሩ ቀድሞ የተመለሰ ሰው ሌላ ነገር ቢያወራሽ አትመኚው። ቢሆንም የምነግርሽ ብዙ ነገር አለና በሩን ዝጊ፣ ተቀመጪ፣ አባ ኢግናትም በቀስታ ያንብቡልሽ። በልጅነቴ እናንተ ቤት ተቀምጬ ሳለ እሳቸው ባስተማሩኝ በራሳችን ፊደል፣ በነጩ ዛፍ ልጥ ላይ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሞስኮዎቹ ይህን ፊደል አያነቡም።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ ታውቂዋለሽ። እኔና አንቺ ስናድግ ጌቶቻችን ኖቭጎሮዶች ነበሩ። በረዶው ሲጠነክር ይመጣሉ፣ ጥቁሩን ጸጉራም ቆዳ ይወስዳሉ፣ ጠላችንን ጠጥተው ይሰድቡናል፣ ይሄዳሉ። በኋላ ሞስኮዎች ቄስ ልከው መስፍናችንን አጠመቁትና «ከእንግዲህ ግብሩ የእኛ ነው» አሉ። ኖቭጎሮዶች ደግሞ «ማን ፈቀደላቸው?» አሉ። ከተራራው ወዲያ ያሉት ቮጉሎች ለየትኛውም ብንገብር ተቆጥተው መንደር ያቃጥላሉ። ሹማችን ኦሽላፓ፣ ያ እጁ የድብ መዳፍ ያክላል እያልሽ የምትስቂበት ሰው፣ በሸንጎ ላይ «አውሬው አንድ ነው፣ ቆዳውም አንድ ነው። ሦስት ቆዳ አብቅልልኝ ብዬ ልለምነው እንዴ?» ይል ነበር። ሰዉ ይስቃል። ስቆ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን እያንዳንዱ መዝጊያውን ሁለት ጊዜ ነበር የሚያየው።

አምና ቅጠሉ ሲረግፍ የሞስኮ ነጋዴዎች ጨውና መጥረቢያ ጭነው በጀልባ መጡ። አለቃቸው ጢሙ ቀይ የሆነ ሰው ነበር። የኦሽላፓ ሚስት ማርፓ ከጨዉ ቆንጥራ ቀመሰችና መሬት ላይ ተፋችው፤ ግማሹ አሸዋ ነበር። ኦሽላፓም «ይህንን ለላሜ ብሰጣት ትስቅብኛለች» አለ። እኔ ተረጎምኩ። ነጋዴው ሳያፍር «ለላም የሚሆን ለእናንተም ይሆናል» ብሎ መለሰ። ይህንንም ተረጎምኩ፤ ሥራዬ ነውና። ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ትንፋሽ ነው። ኦሽላፓ ጨዉን ከነከረጢቱ ወንዝ ውስጥ ገለበጠው፣ መጥረቢያዎቹን ለሰዉ አከፋፈለ፣ የነጋዴውንም ጢም ይዞ እስከ ጀልባው ድረስ ጎተተው። ሴቶቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ጀልባው ሊነሣ ሲል ነጋዴው ዓይኑን ያሳረፈው ኦሽላፓ ላይ አልነበረም። ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በትህትና «አንተ ሩስኛ አጥርተህ ትናገራለህ። ስምህን ማን ልበል?» አለኝ። ነገርኩት። ሰው በትህትና ስምሽን ሲጠይቅሽ ምን ትያለሽ? ቤቴ ገብቼ ቱሪ ሾርባ ስታቀርብልኝ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ማንኪያውን መልሼ አስቀመጥኩት። «አመመህ?» አለችኝ። «ስሜን ወሰደብኝ» አልኳት። ያበድኩ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

የዘንድሮን ብርድ እንዴት እንዳሳለፍነው አትጠይቂኝ። ኖቭጎሮዶች አልመጡም። ወንዙ በረዶ ሆኖ መንገዱ ተመቸ፤ እኛም ቆዳውን አዘጋጅተን፣ ጠላ ጠምቀን፣ እየረገምናቸው ጠበቅን። ማንም ብቅ አላለም። አዳኙ ሩች ከታች ከወንዙ በኩል ወሬ ይዞ መጣና «ባለፈው በጋ ሞስኮ ኖቭጎሮድን ደቁሶታል፤ ጌቶቻችን አሁን ራሳቸው ጌታ ይዘዋል» አለን። መጀመሪያ ደስ አለን፣ ቆዳው ቀረልን ብለን። ቀስ እያለ ነው የገባን። በእኛና በሞስኮ መካከል ቆሞ የነበረው ሰው ወድቋል፤ ከእንግዲህ ንፋሱ በቀጥታ እኛን ነው የሚመታን። ያን ያህል የምንጠላቸውን ሰዎች ዱካ በበረዶው ላይ ስንፈልግ ከረምን ብልሽ ታምኛለሽ?

መስፍናችን ከሚቀመጥባት ከቼርዲን መልእክተኛ መጥቶ «አጥራችሁን አጠናክሩ፣ ኖቭጎሮድ ይደርስልናል» አለ። ኦሽላፓም «በየትኛው እግሩ?» ብሎ ጠየቀው። መልእክተኛው የቀረበለትን አሳ በልቶ ሄደ። እናታችን ማሰሮዎቿን ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ ወለል ስር መቅበር ጀመረች። ቱሪ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ በገፋ ቁጥር የእኔም ፍርሃት አብሮ ይገፋ ነበር። ውሻ ሲጮህ ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ። ዛፍ በብርድ ሲሰነጠቅ እነሣለሁ። ቱሪ ተቆጥታ «ቁጭ በል፣ ልጁን በድንጋጤ ታስወልደኛለህ» ትለኛለች።

ከፋሲካ በኋላ፣ በረዶው ተሰብሮ ወንዙ እንደ ተከፈተ፣ ሩች እየሮጠ መጣ። ትንፋሹ ተቆራርጦ «ፈረስ ውሃ ላይ ቆሞ ሲመጣ አየሁ» አለ። ሰዎቹ ጠላ ጠጥቷል አሉ። አልጠጣም። ግንድ ከግንድ አስረው ሰፋፊ ተንሳፋፊ ሠርተው፣ ፈረሶቻቸውን በላዩ አቁመው፣ ታች ከእኛው ጋር በሚገናኘው ወንዝ እየወረዱ ኖሯል። «ከጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ የታየኝ የፈረስ ራስ ነው፤ ከሥሩ ምንም የለም» እያለ ይምላል። ቀጥሎ የተናገረው ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። «ከመሃላቸው በእኛ ቋንቋ የሚዘፍኑ አሉ» አለ። ለሞስኮ የሚዘምቱትን የቪም ሰዎች ማለቱ ነው። ወዲያው አንቺ በዓይኔ ላይ መጣሽ፤ ሚኮልም መጣብኝ። እግዚአብሔር ሆይ፣ ያ ሰው ሕመምተኛ ሆኖ ቤቱ ቀርቶ በሆነ ብዬ ለመንኩ። ለአማቼ ሕመም ስለምንለት ያየኝ ሰው ምን ይለኝ ነበር?

ሴቶችና ሕፃናት ወደ ጫካ እንዲገቡ ታዘዘ። እናታችን «እግሬ አይችልም፣ እኔን እዚህ ተዉኝና ሂዱ፤ አሮጊት ማን ይነካል?» አለች። ሳልመልስላት አዘልኳት። እትዬ፣ እናታችን ምንም አትከብድም፤ ይህን ሳውቅ ከጦሩ ወሬ በላይ ሆዴ ባባ። ቱሪ ሆዷን ደግፋ ከኋላዬ ተከተለች። ረግረጉን ተሻግረን የአደን ጎጆዬ ውስጥ አስገባኋቸውና ልመለስ ስነሣ ቱሪ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«አንተ ጦር አትወረውር፣ ምን ልትሠራ ነው የምትመለሰው?»

«የሚናገሩትን የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔ ደግሞ ዝም የሚል ባል ነው የሚያስፈልገኝ» አለችኝና ለቀቀችኝ።

ሞስኮዎቹ ሲደርሱ ከታች በኩል የሌሎቹ አምባዎች ጭስ ከጫካው በላይ ቆሞ ይታይ ነበር። በአጥሩ ላይ ተደርድረን አየናቸው። ከፊት አንድ የጦር መኮንን አለ፤ አጠገቡ ያ ቀይ ጢሙ ነጋዴ፤ ከኋላቸው ቀስተኞች። ከቀስተኞቹ መሃል ሚኮል ነበር። ጆሮውን የሚሸፍን ሰፊ የብረት ቁር ደፍቷል፣ አንቺ የሸመንሽለትን ቀይ መቀነት ታጥቋል። ዓይን ለዓይን ተያየን። መጀመሪያ አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ደግሞ እንደ ገበያ ሰው በእኛ ቋንቋ ጮኸ፦

«ኦፖን! እህትህ ሰላም ብላሃለች! ከዚያ አጥር ውረድ፣ የቆምክበት ግንድ በስብሷል!»

ኦሽላፓ ከጎኔ ሆኖ «አንተ ድስት የደፋህ! ቁሩን ከማን ለቀምከው?» ብሎ መለሰለት።

«ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ነው! ራሱ ትልቅ ነበር፣ እንዳንተ!»

በአጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከታችም የቪም ልጆች ሳቁ። ለአፍታ አንድ ሠርግ ላይ የተገናኘን እንመስል ነበር። መኮንኑ ሚኮልን በጦሩ እጀታ ትከሻው ላይ መታውና ሳቁ ተቋረጠ።

ከዚያ መኮንኑ በሩስኛ መናገር ጀመረ፣ እኔም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተከተልኩ ለሰዉ መለስኩ። «መስፍናችሁ ተይዟል» አለ። ተረጎምኩ። አንድ ሽማግሌ አጥሩን ይዞ ቁጭ አለ። «በሩን ከፍታችሁ ለሞስኮ ብትገብሩ ማንም አይሞትም፣ ቤት አይቃጠልም» አለ። ተረጎምኩ። «ግን ሁለት ሰው ትሰጡናላችሁ። ነጋዴያችንን ያዋረደውን ሹም» አለና ወደ ነጋዴው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ሰማ። «እና ኦፖን የሚባለውን አስተርጓሚ።»

እትዬ፣ በዚያ አጥር ላይ ከእኔ በቀር ሩስኛ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም።

ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ፣ ይጠብቃሉ። ኦሽላፓ «ምን አለ? ምላስህን ዋጥከው እንዴ?» አለኝ። ወደ ታች አየሁ። ሚኮል ሰምቷል፤ ሰውም በማያስተውለው መንገድ ራሱን ነቀነቀ፣ ተወው ማለቱ ነው። ለአንዲት ቅጽበት ልተወው ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻ ከወጣ መኮንኑ ሁለተኛው የት አለ ይላል፣ ከዚያ ሰዎቹ ለምን እንደሚቃጠሉ እንኳን ሳያውቁ ይቃጠላሉ። ጀግና ሆኜ አይደለም። ከአንዱ ፍርሃት ሌላው በልጦብኝ ነው። ሙሉውን ተናገርኩት፤ የራሴን ስም ስጠራ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ መረብ አሳ የምናጠምደው ጎረቤቴ ከጎኔ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ትንሽ ብቻ ናት፤ ግን እስካሁን ጎኔን ይበርደኛል። ኦሽላፓ ብቻ ከት ብሎ ሳቀና «ሁለት ሰው ብቻ? እኔን እንደ አንድ ቆጠሩኝ? ያን ነጋዴ ሒሳብ ያስተማረው ማነው?» አለ። ከዚያ የክት ካባውን ሊለብስ ቤቱ ገባ። ማርፓ ወደ ጫካ አልሄድም ብላ ቀርታ ነበርና መቀነቱን ራሷ አሰረችለት። አላለቀሰችም። የሰማሁት ቃል «ጓንትህን ያዝ፣ ወንዙ ላይ ይበርዳል» የሚል ብቻ ነው።

ከበሩ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ እግሬ ተብረከረከ። ኦሽላፓ ክንዴን ያዘኝ።

«አትንቀጥቀጥ፣ ሰው ያየናል።»

«አልቻልኩም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ደግፈኝ። ያረጀሁት እኔ ነኝ፣ አንተ የምትንገዳገደው በእኔ ክብደት ነው ይሉናል።»

እንደዚያ ተደጋግፈን ገባን።

የጦሩ አዛዥ መሬት ላይ በተጣለ ኮርቻ ተቀምጦ የተጠበሰ ዳክዬ ይበላ ነበር። ነጋዴው ክሱን አሰማ፤ ስለ ኦሽላፓ ከተናገረው ይልቅ ስለ እኔ የተናገረው በዛ፤ «በዚህ ሰው አፍ ነው የተሰደብኩት» አለ። አዛዡ አጥንቱን እየጋጠ ያዳምጣል። ያን ጊዜ ሚኮል ሰዉን በክርኑ እየገፋ መጣና ያን ሰፊ ቁር አውልቆ አዛዡ እግር ስር ተንበረከከ። ሩስኛው እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ሴቱን ወንድ፣ ትናንቱን ነገ ያደርገዋል። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው የሚስቴ ወንድም ናት። እሱን ብትገድል በዚህ ጫካ ውስጥ ጆሮ የለህም። ሌሎቹ አምባዎች ላይ ማን ይናገርልሃል?» አለው።

«አንተ አለህ አይደለም እንዴ?» አለው አዛዡ።

«ጌታዬ፣ የእኔን ሩስኛ እየሰማኸው ነው።»

ወታደሮቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ፤ አዛዡም ዳክዬው ትን ብሎት ሳለ። እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ሚኮልም አልሳቀም፤ ግንባሩ ላይ ላቡ ሲወርድ አያለሁ። አዛዡ አፉን ጠርጎ «ይህ ሰው ዋስ አለው?» ሲል ጠየቀ። ሚኮል «እኔ» አለ። «በምንህ?» ቢለው ባልሽ እጁን አንሥቶ የራሱን አንገት ያዘ።

አዛዡም ሳይቆጣ፣ ስለ ፈረስ ጫማ እንደሚያወራ ሰው «መልካም። አስተርጓሚው የሞስኮ ነው። ከሸሸ፣ ወይም ነገር ካጣመመ፣ ወይም ከጠላት ጋር ከዶለተ፣ አንተን ኡስት ቪም ካለው ቤትህ አውጥተን ያንን አንገትህን እንወስዳለን» አለው። ይህንንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ እትዬ። ሚኮል በደንብ ይገባው ዘንድ ተርጉምለት ተባልኩና ለባልሽ በገዛ አፌ፣ በገዛ ቋንቋችን ነገርኩት።

ኦሽላፓን እጁን የኋሊት አስረው ከሌሎች ሹማምንት ጋር ተንሳፋፊው ላይ አወጡት። ሲያልፍ «አንተስ?» አለኝ። «ቀርቻለሁ» አልኩት። «ጥሩ ነው፤ ከሒሳባቸው አንድ ጎደለባቸው» አለና ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ።

ቃላቸውን ጠብቀው ቤት አላቃጠሉም፤ አጥሩን ብቻ አፈረሱት። አጥር የሌለው አምባ ምን እንደሚመስል ላስረዳሽ አልችልም። ከአልጋዬ ሆኜ ጫካው ይታየኛል፣ ጫካውም እኔን የሚያየኝ ይመስለኛል። ወደ ጎጆው ስመለስ ቱሪ ወልዳ አገኘኋት። ሴት ናት። ምጧ የመጣው ወታደሮች በረግረጉ ዳር ሲያልፉ ነበርና እናታችን መቀነቷን አጣጥፋ አፏ ውስጥ ጨምራባት ኖሯል። ልጅቱም ተወልዳ ሰዎቹ እስኪርቁ ድረስ አላለቀሰችም። እናታችን ይህን እንደ ተአምር ታወራዋለች። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያዋ ትንፋሽ መፍራት የተማረች ልጅ መስላ ስለምትታየኝ ስታለቅስ ደስ ይለኛል።

እኔን የየአምባው ሰው ግብር ይዞ ሲመጣ እንዳስተረጉም እዚህ ከቀሩት ጥቂት ወታደሮች ጋር ተዉኝ፤ ሚኮል ግን ከጦሩ ጋር ወደ ላይኞቹ አምባዎች ሄዷል፤ ቅጠል ሲረግፍ እንለቅሃለን ብለውታል። ሲሰናበተኝ «ለኦግራ እንዳትነግራት፣ እንቅልፍ ታጣለች» አለኝ። ይቅር ይበለኝ፣ ነገርኩሽ። ቤትሽ ላይ የታሰረውን ነገር ሳታውቂ እንድትኖሪ አልፈልግም። የሞስኮ ሰው ስለ እኔ ሊጠይቅ በራችሁ ላይ ከቆመ ወዲያውኑ ወደ አባ ኢግናት ሂጂ፤ ልጆቹንም ይዘሽ።

አሁን የምፈራው ሁለቱንም ወገን ነው። ሩችና ከመስፍኑ ሰዎች ያመለጡት ጥቂቶች ጫካ ውስጥ አሉ። ባለፈው ሰሞን እንጉዳይ ስለቅም ሩች መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቮጉሎች ብርዱ ሳይገባ እንደሚመጡ፣ ሞስኮዎቹንም ለሞስኮ የገበረውንም አንድ ላይ እንደሚያርዱ ነገረኝ። «አንተ ከወታደሮቹ ጋር ትበላለህ። ሐሳባቸውን ንገረን፣ ከዚያ ሚስትህን ይዘህ ና» አለኝ። ስለ ሚኮል ነገርኩት። «ሚኮል በእኛ ላይ ዘምቶ የመጣ ነው፤ ይታነቅ» አለ። አልሄድም ስለው እግሬ ስር ተፍቶ «የሞስኮ ምላስ» ብሎኝ ጫካው ውስጥ ገባ። ቱሪ እንሂድ ትላለች። ልጅቷን አቅፋ ወደ ሩች መንገድ ስታይ አያታለሁ፤ አልፈርድባትም። ስለ ሚኮል ስነግራት ግን ገንፎውን ታማስላለች።

አልሸሽም እትዬ። ይህን ለማለት ነው ልጡን ሁሉ የጨረስኩት። ቮጉሎች ቢመጡም፣ ሰዉ ቢተፋብኝም፣ ከዚህ አልነቃነቅም።

አንድ ነገር ግን ከብዶኛል። ማርፓ በየማለዳው ደጃፌ እየመጣች «ሂድና ወታደሮቹን ጠይቅልኝ፤ የት አደረሱት?» ትለኛለች። እየሄድኩ እጠይቃለሁ፣ አናውቅም ይሉኛል፣ እነግራታለሁ። በዚህ ሰሞን ግን ከታች የመጣ ጀልባ ነጂ ለወታደሮቹ ነገራቸው፤ ኦሽላፓ ገና ከአገራችን ሳይወጣ ሞቷል። እሱ ራሱ ውሃው ውስጥ ገባ ወይስ ገፉት፣ ሰውየው አያውቅም። ማርፓ ደጅ ቆማ ነበርና «ምን አሉ?» አለችኝ። «አናውቅም አሉ» አልኳት። የሞት ፍርዴን ሳላጣምም የተረጎምኩ ሰው ይህን ማለት አቃተኝ። ዛሬም መጥታ ትንኙን እያባረረች ደጄ ላይ ተቀምጣለች።

እዚህ ላይ አቁሜ ወጥቼ ነበር፤ ተመልሼ ነው የምጽፍልሽ። ነገርኳት። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጇን ይዤ፣ በእኛ ቋንቋ ነገርኳት። ወንዙን እያየች «ጀልባ ነጂው ሲያወራ ወታደሮቹ ወደ እኔ ዞረው ሲያዩኝ ነው ያወቅሁት። ቃል አልገባኝም፣ ዓይናቸው ገባኝ» አለች።

«ታዲያ ለምን መላልሰሽ ጠየቅሽኝ?» አልኳት።

«የማን ምላስ እንደሆንክ ልይ ብዬ» አለችኝ። ከዚያም ልጄን ከቱሪ እጅ ተቀብላ አቀፈቻት፤ እስካሁንም አቅፋት ተቀምጣለች።

ጀልባው ሊነሣ ነውና ልሰናበትሽ። ለአማትሽ እግራቸውን ስሜ ሰላም እላለሁ። ለትልቋ ልጅሽ፣ ለመንታዎቹ፣ ስሙን ገና ላልሰማሁት ለትንሹም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለአባ ኢግናት መስቀላቸውን ተሳልሜያለሁ፤ በጸሎታቸው አይርሱን። እናታችን «ወገብሽን በድብ ስብ እሺው፣ ሙቀት አይለይሽ» ትልሻለች። ቱሪ ሰላም ብላሻለች። ማርፓም ሰላም በልልኝ አለችኝ። ለሚኮል በሰላም ሲገባልሽ ሌላ ምንም አትንገሪው፤ «ኦፖን እዚያው ነው» በይው። እሱ ይገባዋል።

ወንድምሽ ኦፖን

ዩካር፣ በኮልቫ ወንዝ ዳር
በጴጥሮስ ወጳውሎስ ማግስት፣ ዓለም ከተፈጠረ በ፮ሺ፱፻፹ ዓመት